ሰዓታችንና ደመወዛችን ተቀነሰ፤ ሥራችንስ?

ይድረስ ለመሥሪያ ቤታችን የሰው ሀብት አስተዳደር እና ለክፍል ኃላፊዎች በሙሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ይህን የምጽፍላችሁ ልጅ እያሳደግን ፓርት ታይም (በከፊል ሰዓት) የምንሠራ ሠራተኞችን ወክዬ ነው። ያስጻፈን ሰሞኑን የበተናችሁት ማስታወሻ ነው። ከመጪው የምዘና ዘመን ጀምሮ በአንድ ክፍል ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ የሥራ ግቡ እኩል ይሆናል ይላል። ሰዓቱን የቀነሰውም ያልቀነሰውም በአንድ መስፈርት ይመዘናል። ያልቻለ ወደ ሙሉ ሰዓት ይመለስ ተብሏል። ለእኛ የታሰበልን እገዛ ደግሞ የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና ነው።

ማስታወሻውን ካነበብን በኋላ ተሰባስበን ተነጋግረናል። የተናደደ አለ፣ የፈራ አለ፣ ሥራ ለመልቀቅ ያሰበም አለ። እስካሁን እያንዳንዳችን ለአለቃችን ለብቻችን ስንናገረው የቆየ ጉዳይ ነው። ለብቻ ሲነገር ግን የአንድ ሰው ድካም ይመስላል፤ «ትንሽ ከብዷት ነው» ይባልና ይታለፋል። ስለዚህ አሁን ሁሉም እያየው በግልጽ እንናገረው ብለናል።

ነገሩ አጭር ነው። ሰዓታችን ተቀንሷል። ደመወዛችንም በዚያው ልክ ተቀንሷል። ሥራው ግን እንዳለ ነው።

ፓርት ታይም ስንጠይቅ የምንሞላውን ፎርም እስቲ አውጥታችሁ እዩት። አዲሱ ሰዓት አለ፣ አዲሱ ደመወዝ አለ፣ የዓመት ፈቃዱ እንዴት እንደሚሰላም ተጽፏል። ከሥራ ዝርዝራችን ውስጥ የትኛው እንደሚወጣና ማን እንደሚረከበው የሚጻፍበት አንድ መስመር እንኳ የለም። ፎርሙ ይፈረማል፣ ፔይሮል በሚቀጥለው ወር ያስተካክላል፣ ሠራተኛው ግን ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው ያው የድሮው ሥራ ነው። ሁሉም ነገር ከዚህ ይጀምራል።

ሒሳብ ክፍል ያለች ባልደረባችንን እንውሰድ። በሳምንት ሦስት ቀን ትሠራለች፣ የሦስት ቀን ደመወዝ ትበላለች። ወር ሲዘጋ ግን የባንክ ማስታረቁም፣ የተከፋይ ሒሳቡም፣ የማጠቃለያ ሪፖርቱም እንደ ድሮው የእሷ ነው። ወር መዝጊያ ደግሞ የእሷን ቀን ጠብቆ አይመጣም። ስለዚህ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ላፕቶፕ ትከፍታለች። ሥራው በሰዓቱ ይደርሳል፤ በሰዓቱ ስለሚደርስም ማንም ችግር አለ ብሎ አያስብም። አለቃዋ «ፓርት ታይም ሆና እንኳ አንድም ሥራ አላሳደረችም» ብሎ በስብሰባ ላይ አመስግኗታል። ምስጋናው ከልቡ እንደሆነ አንጠራጠርም። እኛ የምንለው ግን ያ የሌሊት ሰዓት የማን ነው? ከደመወዟ የተቆረጠውን ሰዓት በነጻ መልሳ እየሠራችው ነው።

ሌላው ደግሞ ደንበኞች አገልግሎት ያለ አባት ነው። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው እሱ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይሠራል። የሚመደቡለት አቤቱታዎች ቁጥር ግን ሙሉ ቀን ከሚሠራው ጋር እኩል ነው፤ ሲስተሙ የሚያድለው በሰው ቁጥር እንጂ በሰዓት አይደለም። ከሰዓት በኋላ የሚገቡት ሁሉ ጠዋት ተቆልለው ያገኛቸዋል። «ምላሽ የዘገየባቸው» በሚለው ሪፖርት ላይ ስሙ ሁልጊዜ ከላይ ነው። እውነቱን ለማወቅ ግን የተፈቱትን አቤቱታዎች ለሠራበት ሰዓት ማካፈል ይበቃ ነበር። ማንም አላካፈለም። በአዲሱ ማስታወሻ መሠረት ደግሞ ማካፈል ጭራሽ አይቻልም።

በእሱ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አባት ሆኖ ሰዓት መቀነስ የጠየቀ ሰው የሚደርስበት ሌላ ነው። «ባለቤትህ የለችም እንዴ?» ተብሏል። ልጅ የሁለት ሰው ነው። አባቶች ሲጠይቁ ፊት በተነሱ ቁጥር ሸክሙ ወደ እናቶች ይመለሳል፤ የእናቶቹ ሥራና ደረጃ ዕድገትም አብሮ ይወድቃል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች 156ኛውን ስምምነት ሲያወጣ ሆን ብሎ ወንዱንም ሴቷንም ያካተተው ለዚህ ነው። የቤተሰብ ኃላፊነት ብቻውን ሰውን ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆንም እዚያው ተጽፏል።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ። ማስታወሻውን ያዘጋጀው ሰው አንድ ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢቀመጥ ይህን ግብ የሚያወጣ አይመስለኝም።

በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው እና 20 ሰዓት የሚሠራ ሰው እንውሰድ። ሁለቱም አንድ ዓይነት የሳምንት ስብሰባ ይገባሉ። አንድ ዓይነት ኢሜይል ይደርሳቸዋል። አንድ ዓይነት የደህንነት ሥልጠና ይወስዳሉ፣ አንድ ዓይነት የሳምንት ሪፖርት ይጽፋሉ። ይህ ሁሉ በሳምንት 8 ሰዓት ይወስዳል እንበል። ሙሉ ሰዓት ለሚሠራው 32 ሰዓት ለዋናው ሥራ ይቀረዋል። ግማሽ ሰዓት ለሚሠራው የሚቀረው 12 ብቻ ነው። 12 ደግሞ የ32 ግማሽ አይደለም፤ ከ40 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ግቡን በግማሽ ብትቀንሱልን እንኳ ፓርት ታይም ሠራተኛው ገና ከመነሻው ወደ ኋላ ቀርቷል። እናንተ ግን ጭራሽ አልቀነሳችሁም። በ12 ሰዓት የ32 ሰዓት ሥራ አምጣ እያላችሁ ነው። ይህን የሚሞላ የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና የለም።

ስለ ሥልጠናውም በግልጽ ልናገር። ልጅ ይዞ ፓርት ታይም ለሚሠራ ሰው ጊዜ ማለት ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገውም። ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን ሥራ ደርድረን ነው የምንጀምረው። ጭንቅላት የሚፈልገውን ሥራ ቢሮው ፀጥ በሚልበት ሰዓት እንጨርሳለን። ከመውጣታችን በፊት የቀረውን ጽፈን ለባልደረባ እንተዋለን። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ማውራት ከተውን ቆይተናል፤ እሱም በራሱ ጉዳት አለው፣ ብዙ ወሬና ብዙ ዕድል የሚያልፈው እዚያ ነውና። ከእኛ የሚቀረው ነገር የለም። የቀረው ከእናንተ ነው፤ ይህ ይቅር፣ ይህ ለሌላ ይሰጥ፣ ይህ ይዘግይ ብሎ መወሰን። ሠራተኛው ይህን በራሱ ሥልጣን መወሰን አይችልም። በራሱ ቢተወው «ሥራ ጥሎ ሄደ» ይባላል።

የቀረውን ሥራ የሚሸከሙት ሙሉ ሰዓት ሠራተኞችም በእኛ ላይ ማኩረፍ ጀምረዋል። አንፈርድባቸውም። እኛ በወጣንበት ከሰዓት በኋላ ስልኩን የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ልጅ የሌላቸውና ልጆቻቸው ያደጉ ባልደረቦቻችን «ለእናንተ ልጅ እኛ ለምን ዋጋ እንከፍላለን?» ሲሉ ተሰምቷል። ልክ ናቸው፣ መክፈል የለባቸውም። ግን እስቲ ጥያቄውን ወደ ትክክለኛው ቦታ እንውሰደው። ከእኛ የተቀነሰው ደመወዝ የት ገባ? በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች የሥራ ሰዓታቸውን በግማሽ በግማሽ ቢቀንሱ የአንድ ሙሉ ሰው ደመወዝ ተርፏል። በዚያ ገንዘብ ሰው አልተቀጠረም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ለማንም አልተሰጠም። ሥራው ለቀሪዎቹ ተከፋፈለ፣ ገንዘቡ ደግሞ በጀት ተቆጠበ ተብሎ ሪፖርት ተደረገ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛና ሠራተኛ ፊት ለፊት ተኮራርፎ ተቀመጠ። ከሁሉም ያሳዘነን ይህ ነው።

የስብሰባና የመልእክት ነገርም አለ። የክፍሎች ዋና ስብሰባ ከሰዓት በኋላ የሚደረገው ለምን እንደሆነ ጠይቀን መልስ አላገኘንም። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር ከሚለው ውጪ ማለቴ ነው። ከስብሰባ የቀረ ሰው ሥራ ሲታደል የለም፤ ስለዚህ ማንም ያልፈለገው ሥራ የእሱ ይሆናል፣ ደህናው ፕሮጀክት ደግሞ ለተገኘው ይሄዳል። መዋዕለ ሕፃናት በሩን የሚዘጋበት ሰዓት አለው። «ዛሬ ብቻ ትንሽ ቆዩልን» ሲባል ለሌላው ትንሽ ነው፤ ልጁ ሞግዚቷ ጋ ብቻውን የቀረበት ወላጅ ግን ስብሰባው ላይ የሚባለውን አይሰማም፣ የሚያየው ሰዓት ነው። በማንሠራበት ቀን የሚላከው መልእክትም እንዲሁ ነው። «አንድ ጥያቄ ብቻ» ተብሎ ይጀምራል። ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ያለች እናት ፋይሉ የት ፎልደር ውስጥ እንዳለ በስልክ ስታስረዳ ሰምተናል። ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው በክፍሉ ውስጥ አለመኖሩ የእሷ ጥፋት አይደለም። ሙሉ ሰዓት ብትሠራም እኮ አንድ ቀን መታመሟ አይቀርም ነበር።

ስለ ሕግ ትንሽ እናንሳ፤ የምንጠይቀው ውለታ እንዳይመስልባችሁ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ከፊል ሰዓት ሥራ 175ኛውን ስምምነት አውጥቷል። ያጸደቁት አገሮች ብዙ አይደሉም፤ ሐሳቡ ግን የትም ቦታ ልክ ነው። ከፊል ሰዓት ሠራተኛ ሰዓቱን በመቀነሱ ብቻ፣ በሰዓት ሲሰላ፣ ከተመሳሳይ ሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ያነሰ መሠረታዊ ደመወዝ ማግኘት የለበትም ይላል። አሁን አስቡት። የሦስት ቀን ተከፍሎት የአምስት ቀን ሥራ የሚሠራ ሰው በሰዓት ስንት እያገኘ ነው? ወረቀት ላይ እኩል ነን። ሌሊቱ ሲቆጠር እኩል አይደለንም።

ለሁሉም አንድ ግብ የሚለው አሠራርም አዲስ ክርክር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ሰዓቱን ቀንሶ በሚሠራ አንድ አብራሪ ጉዳይ ላይ ወስኗል። አየር መንገዱ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠው በወር የተወሰነ የበረራ ሰዓት ላለፈ አብራሪ ነበር፤ ያ ጣሪያ ደግሞ ለሙሉ ሰዓቱም ለከፊል ሰዓቱም አንድ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጣሪያው ሰዓቱን ለቀነሰው ሰው በዚያው ልክ ካልተቀነሰ ያነሰ አያያዝ ነው አለ፤ አሠሪው በቂና ተጨባጭ ምክንያት ካላቀረበ በቀር አይፈቀድም። የኛን ማስታወሻ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ለተለያየ ሰዓት አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠት እኩልነት ይመስላል እንጂ እኩልነት አይደለም።

«ያልቻለ ወደ ሙሉ ሰዓት ይመለስ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ከሙሉ ሰዓት ወደ ከፊል፣ ከከፊል ወደ ሙሉ መዛወር በፈቃደኝነት መሆን እንዳለበት ያው የ1994ቱ ስምምነት ይናገራል። የማይቻል ግብ ሰጥቶ ሰው ራሱ እንዲመለስ ማድረግ ፈቃደኝነት አይደለም። የሚገርመው ደግሞ ከመካከላችን መመለስ የሚፈልጉ አሉ። ልጇ ትምህርት ቤት የገባላት አንዲት ባልደረባ ሙሉ ሰዓት ልመለስ ብላ ጠይቃ «በጀት የለም» ተብላለች። ታዲያ የትኛውን እንመን? ሌሎች ዘንድ ይህ በሕግ መልክ ይዟል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከ45 በላይ ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ሰዓት ቀንሶ ከዚያ ወደ ቀድሞው ሰዓት የመመለስ መብት ሰጥታለች። በዚያው ዓመት የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያም ቢያንስ እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ድረስ ልጅ ያላቸው ወላጆች የተመቻቸ የሥራ ሰዓት እንዲጠይቁ፣ ለተወሰነ ጊዜ ከሆነም ጊዜው ሲያልቅ ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ይፈቅዳል። ልጅ ያድጋል። ይህ የዕድሜ ልክ ጥያቄ አይደለም፤ የተወሰኑ ዓመታት ነገር ነው።

እነዚህ ዓመታት ግን በምዘናው ላይ ጠባሳ ትተው እያለፉ ነው። ባለፈው የደረጃ ዕድገት ከእኛ መካከል የተወዳደሩት «ተገኝነት» በሚለው መስፈርት ነጥብ ተቆርጦባቸዋል። ተገኝነት የተባለው በተስማማንበት ሰዓት መገኘት ከሆነ አንድም ቀን አልጎደልንም። ሙሉ ቀን መገኘት ከሆነ ደግሞ እናንተው የፈረማችሁበትን ውል መልሳችሁ በእኛ ላይ እየቀጣችሁበት ነው። ግቡ ለሁሉም እኩል ሲሆን ይህ ቅጣት ቋሚ ይሆናል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ «ፓርት ታይም ሠራተኞች ውጤታማ አይደሉም» የሚል ሪፖርት እንደሚወጣ ከአሁኑ ይታየናል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ለሁሉም እኩል ግብ የሚለው የማስታወሻው ክፍል በሥራ ላይ እንዳይውል። ግብ በሰዓት ይሰላ፤ ሲሰላም ስብሰባው፣ ሪፖርቱና ሥልጠናው የሚበላው ሰዓት አስቀድሞ ይቀነስ። በዚህ ላይ የሚቀጥለው ምዘና ከመጀመሩ በፊት ውሳኔ እንፈልጋለን።

ፎርሙ ይስተካከል። ሰዓትና ደመወዝ የሚቀንስ ፊርማ ሁሉ የትኛው ሥራ እንደሚወጣና ማን እንደሚረከበው ሳይጻፍ አይጽደቅ። አሁን ፓርት ታይም ላይ ላለን ደግሞ እያንዳንዱ ኃላፊ ከሠራተኛው ጋር ቁጭ ብሎ የሥራ ዝርዝሩን ይከልስ። ልጆች ሲያድጉና ሥራው ሲለዋወጥ ዝርዝሩም ስለሚለወጥ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይሁን፤ በየጊዜው ይታይ።

ከተቀነሰው ደመወዝ የሚተርፈው ገንዘብ እዚያው ክፍል ይቆይ። ወይ ሰው ይቀጠርበት፣ ወይ ትርፍ ሥራውን ለሚሸከሙት ባልደረቦቻችን ይከፈልበት። ሁለት ሰዎች አንድን የሥራ መደብ ተካፍለው እንዲሠሩ ማድረግም ይቻላል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለርክክብ የሚገናኙበት ሰዓት ከተሰጣቸው ይሠራል፣ ፈቃደኛ ሰዎችም አሉን። በአንድ ክፍል ለሙከራ ይጀመር።

ዋና ስብሰባዎች ሁሉም በሚገኝበት የጠዋት ሰዓት ይሁኑ። በማንሠራበት ቀን አስቸኳይ ነገር ቢገጥም ለማን እንደሚደወል ይወሰን፤ ለእያንዳንዱ ሥራም ሁለተኛ የሚያውቅ ሰው ይኑር። የሰዓት ለውጥ ካለ ቀደም ብሎ በጽሑፍ ይነገረን፣ በዕለቱ አይሁን።

የሠራነው ሰዓት በትክክል ይመዝገብ፤ ቤት ወስደን የሠራነውም ጭምር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 አሠሪዎች የሠራተኛውን የየቀን የሥራ ሰዓት የሚለካ ሥርዓት ሊኖራቸው ይገባል ብሏል፤ ምክንያቱም ሰዓቱ ካልተለካ መብቱም ሊረጋገጥ አይችልም። ለጥቂት ወራት ተመዝግቦ ይታይ። ከውላችን በታች እየሠራን ከሆነ እናንተ ልክ ናችሁ፣ እንቀበላለን። በላይ ከሆነ ግን ወይ ይከፈል፣ ወይ ሥራው ይቀነስ።

ወደ ሙሉ ሰዓት መመለስ ለሚፈልጉ የመመለሻ ቀን ከመጀመሪያው በውሉ ይጻፍ። «ተገኝነት» የሚለው መስፈርትም በውል በተስማማንበት ሰዓት ተለክቶ ያለፉት ምዘናዎች ይከለሱ።

ለሥልጠናው የተያዘ በጀት ካለ ለክፍል ኃላፊዎች ይዋል። ሥራን እንዴት እንደሚያከፋፍሉና የትኛው ሥራ ሊቀር እንደሚችል እንዴት እንደሚወስኑ ይሠልጥኑበት።

እያንዳንዱን ጉዳይ በማስረጃ ለማቅረብና ከኃላፊዎች ጋር ለመነጋገር ዝግጁ ነን። ስብሰባው ጠዋት ይሁን። መልሳችሁንም በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በከፊል ሰዓት የሚሠሩ ወላጆች ተወካይ